ለሁለት ዓመት ባዶ የከረመው የአደጋ መዝገብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። በሦስት ሺፍት ሰማንያ ያህል ሰው ይሠራል። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ ሳለ አንድ ረዳት መካኒክ የታፈነ ስክሪው ኮንቬየር (እህልና ዱቄት እየገፋ የሚያስተላልፍ ጠመዝማዛ ዘንግ) ያጸዳ ነበር። መብራቱ ድንገት መጣ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ልጁ ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከዚያ በኋላ ለፎርማኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ለሁሉም ሰው ጓንት ተገዛ፣ «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ከዚህ በፊት ለሁለት ዓመት አንድም አደጋ አልመዘገብንም ነበር። ሠራተኛው ጥንቃቄን ልማዱ እንዲያደርግ ምን እናድርግ?» ይላሉ።

በቅድሚያ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብዙ ኃላፊ አድበስብሶ ማለፍ ነው የሚቀናው። እርስዎ አላደረጉትም። ስለዚህ እኔም ሳላድበሰብስ ልመልስልዎ።

ከልጁ ልጀምር። የሕክምና ወጪው እየተከፈለ ነው? ደመወዙ አልተቋረጠም? ሲመለስ ምን ሥራ እንደሚሰጠው የነገረው ሰው አለ? ኃላፊዎቹ ቤቱ ሄደው ጠይቀውታል? በእኛ ሕግ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን እንደመጉዳት ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር «ልጁ ተቻኩሎ ነው» የሚለው ከኃላፊነት አያድንም። ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። ሰማንያ ሰው ልጁ ምን እንደተደረገለት እያየ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ደህንነት የሚሉትን ሁሉ የሚመዝነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ አደጋው። «መብራቱ መጣና ማሽኑ ተነሣ» ብለዋል። እኔ ጥያቄዎን ሳነብ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የቆመ ሞተር መብራት ሲመለስ ሰው ሳይነካው መነሣት የለበትም። አንዳንዱ ሞተር የሚነሣው አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ባለው ስታርተር ነው። አረንጓዴውን ሲጫኑት በውስጡ ያለው የመስመር መገናኛ፣ ኮንታክተሩ፣ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል። መብራቱ ቢመለስም አረንጓዴው እንደገና እስካልተጫነ ሞተሩ ዝም ነው። ሌላው ግን በሚዞር ማብሪያ ነው የሚሠራው። እጀታው እንደበራ ከቀረ፣ መብራት በመጣበት ቅጽበት ሞተሩም ይነሣል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መብራት በመጣ ቁጥር እየዞሩ ማስነሣት ሲሰለች ኤሌክትሪሽያኑ መስመሩን ቀጥታ አገናኝቶት ይገኛል። ባሕር ዳር ላይ መብራት ሄዶ በአምስት ደቂቃ መመለሱ፣ ተመልሶም መሄዱ ለማንም አዲስ አይደለም። እንዲህ የተገናኘ ሞተር ባለበት ፋብሪካ ውስጥ «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚለው ወረቀት ምን ሊሠራ ይችላል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይሁን። ምርት በሌለበት ቀን፣ ሰው ሁሉ ከማሽን ርቆ፣ ክዳኖች ሁሉ ተዘግተው፣ ኤሌክትሪሽያኑ ሞተሮቹን በየተራ ያስነሣ። ከዚያ ዋናውን ያጥፋና ይመልስ። ማንም ሳይነካቸው የሚነሡትን ይመዝግቡ። እነሱ ናቸው ቀጣዩን ጣት የሚቆርጡት። ስታርተራቸው ይቀየር። ጄኔሬተራችሁ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ከሆነ ሙከራውን በእሱም ይድገሙት።

ሁለተኛው ጓጉንቸር ነው። ማሽን ውስጥ እጁን የሚያስገባ መካኒክ ሁሉ የራሱ ጓጉንቸር ይኑረው። ቁልፉ አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም በራሱ ኪስ ይግባ። ብሬከሩን ያጠፋል፣ ይቆልፋል፣ ስሙን ያንጠለጥላል። ከዚያ ማስነሻውን ተጭኖ በእርግጥ መሞቱን ያረጋግጣል። ሁለት ሰው ከሆነ ሁለት ጓጉንቸር ይሰቀላል። መብራት ጠፍቷል ማለት ተቆልፏል ማለት አይደለም። ሰሌዳችሁ ጓጉንቸር የሚቀበል ካልሆነ ብሬከሩን የሚይዝ መቆለፊያ ይገዛል፤ እስከዚያው ድረስ ፊውዙ ይነቀልና የሰሌዳው በር ራሱ ይቆለፍ። እህል ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቬተር እህል እንደጫነ ከቆመ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ተቆልፎም በክብደቱ ወደ ኋላ ሊዞር ስለሚችል፣ ቀበቶው እንዳይንቀሳቀስ መታሰር አለበት።

ስለ ጓንቱ ግልጽ ልሁን። የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ጓንት አደጋ ያባብሳል። ስክሪው የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጁን ይዞት ይገባል። ጓንቱ ለጆንያ ጫኞችና ሻካራ ነገር ለሚይዙ ይሁን። ለስክሪው የሚያስፈልገው በብሎን የታሰረ ክዳን ነው። ከፈት አድርጎ ማየት የግድ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ ጣት የማያስገባ የብረት ፍርግርግና ረጅም እጀታ ያለው መንጠቆ ያድርጉ። መንጠቆውም ቢሆን ማሽኑ ከተቆለፈ በኋላ ነው።

ሆኖም ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ይቀራል። ስክሪው ለምን ይታፈናል? በሺፍት ስንት ጊዜ? የሌሊት ሠራተኞችን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለት ነው። ወይ ስንዴው እርጥብ ነው፣ ወይ ደግሞ የጆንያ ሲባጎ አብሮ ገብቶ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሟል። ሲባጎ ከሆነ ነገሩ የሚያልቀው ጆንያ በሚራገፍበት አፍ ላይ ነው። እዚያ ጠንካራ ወንፊት ይደረግ፣ ጆንያ የሚፈታው ሰው ሲባጎውን የሚጥልበት በርሜል ይቀመጥለት። ስክሪው ካልታፈነ ማንም እጁን አያስገባም። በእኛ በሥራ ደህንነት ሙያ መጀመሪያ የሚታሰበው አደጋውን ከነምክንያቱ ማስወገድ ነው። ካልተቻለ አደገኛውን ነገር በሌላ መተካት፣ ከዚያ ሰውና አደጋውን በክዳንና በመቆለፊያ መለየት፣ ከዚያ የአሠራር ደንብና ስልጠና ይከተላሉ። ጓንትና ሄልሜት መጨረሻ ላይ ናቸው። የእናንተ ፋብሪካ ከመጨረሻው ነው የጀመረው።

ልጁ መብራት ሲጠፋ ለምን ሊያጸዳ ገባ? እስቲ ከእሱ ቦታ ሆነው ይዩት። ምርት ቆሟል። ማሽኑ ጸጥ ብሏል። አሁን ካላጸዳ መብራት ሲመጣ ማሽን አስቁሞ ማጽዳት ሊኖርበት ነው፤ ያኔ የምርት ኮታው ይጎድላል። ይህን ከዚያ ቀን በፊትም ሲያደርገው የኖረ ይመስለኛል። ምናልባት «ጎበዝ፣ ጊዜ አያባክንም» ተብሏል። ሲሳካ የተመሰገነበት ሥራ አንድ ቀን ሲበላሽ ጥፋት ተባለ። ወረቀት ላይ ያለው አሠራርና መሬት ላይ ያለው ሥራ የተለያዩ ናቸው። ሠራተኛው በየቀኑ በብልሃቱ ክፍተቱን እየሞላ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ያንን ብልሃት ማየትና መረዳት የእርስዎ ሥራ ነው። ይህን የሚያውቁት ቢሮ ተቀምጠው አይደለም። ማሽኑ አጠገብ ቆመው «ይህን እንዴት ነው የምታደርገው? የሚያስቸግርህ ምኑ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነው።

ስለ ሁለት ዓመቱ ባዶ መዝገብ ደግሞ እንነጋገር። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ እሰጋለሁ። ሰማንያ ሰው፣ ሦስት ሺፍት፣ ቀበቶና ፑሌጃ፣ ጆንያ ተሸካሚ፣ በየጊዜው የሚቆራረጥ መብራት። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልተንሸራተተም? አንድ ቀበቶ አልተበጠሰም? ተከስቷል፤ ወደ እርስዎ ግን አልደረሰም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ያደገ ሰው፣ ኮንትራቱ በየስድስት ወሩ የሚታደስለት ሰው፣ አለቃው ፊት «ልሳሳት ነበር» ብሎ ለመናገር ምን ያተርፋል? ይሉኝታም አለ። የጓደኛውን ስህተት ማውራት ማሳጣት ይመስለዋል። አንዳንዱም «የእሱ ቀን ሆኖ ነው» ይልና ነገሩን ለፈጣሪ ሰጥቶ ያልፋል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። ጥሩ አመራር ያላቸው ክፍሎች ብዙ የመድኃኒት ስህተት የተመዘገበባቸው ሆነው ተገኙ። ነገሩ ሲጣራ እዚያ ስህተት ስለበዛ አልነበረም፤ ሰዎቹ ስለስህተታቸው መናገር ስለማይፈሩ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥሉት ወራት መዝገብዎ ቢሞላ አይደንግጡ። «ሪፖርት በዛ» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ቢቆጣ ግን በአንድ ቀን ይደርቃል። አደጋ ላልመዘገበ ሺፍት ጉርሻ መስጠትም እንደዚያው ነው፤ ሰው ቁስሉን ይደብቃል። ካመሰገኑ አደጋ የጠቆመውን ያመስግኑ።

በአሜሪካ አቪዬሽን ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ። አብራሪው «እንዲህ ልንሳሳት ነበር» ብሎ የሚጽፈው ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለናሳ ነው። ናሳ የጸሐፊውን ማንነት ሰርዞ ትምህርቱን ብቻ ያሰራጫል። እናንተ ናሳ አያስፈልጋችሁም። የፎርማን ወይም የሰው ኃይል ክፍል ሰው ያልሆነ፣ ሠራተኛው የሚያምነው አንድ ሰው ይመረጥ። በቃል ይነገረው። እሱ ስም ሳይጠራ ለእርስዎ ያምጣ። የሐሳብ መስጫ ሳጥን ከመስቀል ይህ ይሻላል፤ ሳጥኑ በር አጠገብ ተሰቅሎ ማን ወረቀት እንደሚከት ሁሉ ያየዋል።

ሁሉንም የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ሰው ሲናገር የሚገጥመው ፊት ነው። አንድ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ወፍጮ ላይ ክዳኑ ብሎን የለውም» ቢልዎ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አይበሉት። «ጎሽ፣ ና አሳየኝ» ይበሉና አብረው ይሂዱ። ብሎኑ በሳምንቱ ይግባ። በሺፍት ቅያሪ ላይ «ይህ የተሠራው ተነግሮን ነው» ይበሉ። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ወሬው ራሱ ይሠራል። ማስተካከል የማይችሉት ነገር ሲመጣም ምክንያቱን ይንገሯቸው። ሰው እምቢታን ይችላል፤ ዝምታን ነው የማይችለው።

«ታዲያ ማንም አይጠየቅም ማለት ነው?» ይሉ ይሆናል። ይጠየቃል። ጠጥቶ ሥራ የገባ፣ የሌላ ሰው ጓጉንቸር ሰብሮ ማሽን ያስነሣ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ለሌላው ሁሉ ግን አንድ ቀላል መለኪያ አለ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያው ስልጠናና በዚያው የኮታ ጫና ሌላ ደህና ሠራተኛ ቢኖር ያንኑ ያደርግ ነበር? «አዎ» ከሆነ ችግሩ ከሰውየው ጋር አይሄድም። ፎርማኑን ብታባርሩት እንኳ ለሚተካው ይቆየዋል። በዚህ መለኪያ ለፎርማናችሁ የተጻፈው ደብዳቤ ልክ አይመስለኝም። ቢነሣለት፣ መነሣቱም በሁሉም ፊት ቢነገር፣ ከየትኛውም ስልጠና በላይ ያስተምራል። ለሥራ አስኪያጁ ይህን ማስረዳት ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር አለቃ ውሳኔውን ሲያነሣ የተሸነፈ ይመስለዋል።

ለእሱ የሚነግሩት አንድ ታሪክ ልስጥዎ። ፖል ኦኒል አልኮዋ የተባለውን ግዙፍ የአሉሚኒየም ኩባንያ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሲረከብ፣ ባለሀብቶቹ ስለ ትርፍ ሊሰሙ ተሰብስበው እሱ ስለ ሠራተኛ ደህንነት ተናገረ። አንዳንዱ ሰውየው ያበደ መሰለው። አንድ ወጣት ሠራተኛ በማሽን ሲሞት ጥፋቱን በራሱና በአመራሩ ላይ አደረገ። በእሱ ዘመን በጉዳት ምክንያት ከሥራ የሚቀረው ሰው ከ100 ሠራተኞች 1.86 የነበረው ወደ 0.2 ወረደ። ትርፉም አብሮ አደገ። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ሰው የማይጎዳበት ማሽን ማለት የሚታወቅ፣ የተጠገነ፣ የማይታፈን ማሽን ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ደግሞ ዱቄትም በደንብ ያወጣል። የናንተ ሥራ አስኪያጅ በጠዋቱ ስብሰባ «ስንት ኩንታል ወጣ?» ከማለቱ በፊት «ትናንት ሌሊት ምን ሊደርስ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአንድ ወር ውስጥ ፎርማኖቹ የሚያዩት ነገር ይቀየራል።

ሦስት ሺፍት አላችሁና ስለ ርክክብ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ፓይፐር አልፋ የሚባል በሰሜን ባሕር ላይ የነበረ የብሪታንያ የነዳጅ ማውጫ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. የቀን ሠራተኞች የአንድ ፓምፕ መከላከያ ቫልቭ ለጥገና ፈትተው ቦታውን ለጊዜው በክዳን ዘጉት። ሥራው እንዳላለቀ የሚገልጽ ወረቀት ነበር። ለሌሊቱ ሺፍት ግን አልደረሰም። ሌሊት ሌላኛው ፓምፕ ሲቆም ይሄኛውን አስነሡት። ጋዝ ወጣ፣ ፈነዳ። 167 ሰው ሞተ። በቧንቧ የተገናኙት ጎረቤት ማውጫዎች እሳቱ እየታየ ነዳጅ መላካቸውን አላቆሙም፤ ያለ በላይ ፈቃድ ማቆም የሚያስጠይቃቸው መስሏቸው ነበር።

የእናንተን ርክክብ ይዩት። ከሺፍት የሚወጣው ሠራተኛ እጁን ታጥቦ በር ላይ «ሰላም እደር» ብሎ ነው የሚሄደው? አሥር ደቂቃ ይስጧቸው። ማሽኑ አጠገብ ቆመው ይረካከቡ። ምን ተፈቷል፣ ምን ሳያልቅ ቀርቷል፣ የማን ጓጉንቸር የት ተሰቅሏል። ደብተር ላይ ሁለቱም ይፈርሙ። አሥሩ ደቂቃ የደመወዝ ጊዜ ይሁን፤ ካልሆነ ማንም አይቆይም። ማቆምንም በተመለከተ፦ አደጋ ያየ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛም ይሁን ጽዳት፣ ማሽን የማስቆም መብት እንዳለው ሥራ አስኪያጁ በራሱ አንደበት ይናገር። ያስቆመው በከንቱ ቢሆንም አይወቀስ።

ኤሪክ ሆልናግል የተባለ ምሁር ችግር የሚችል ድርጅት አራት ነገር ይችላል ይላል። አስቀድሞ ያስባል፣ ያለውን ሁኔታ ይከታተላል፣ ሲደርስ ይመልሳል፣ ከደረሰው ይማራል። ጣና ላይ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ከሰዓት ንፋስ እንደሚነሣ ስለሚያውቁ ወደ ገዳማቱ በጠዋት መሄድን ይመርጣሉ። እናንተም የራሳችሁን ንፋስ እወቁ። ከፋሲካና ከዘመን መለወጫ በፊት ትእዛዝ ይበዛል፣ ሰው ተጨማሪ ሰዓት ይሠራል። በክረምት ስንዴው ይረጥባል፣ ስክሪው ይታፈናል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እስከ ከሰዓት ያልበላና ውኃ ያልጠጣ ሰው ጆንያ ይሸከማል። ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ያምጡት፣ ሰው ይጨምሩ፣ እረፍቱን ያርዝሙት። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ሌሊት ሳይነግሯቸው ይሂዱና «አሁን አንድ ሰው ቢቆረጥ?» ብለው ይጠይቁ። ፋሻው የት ነው? የመኪናው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ማን ነው ደም ማቆም የሰለጠነ? መልሱ የሚጀምረው «ጠዋት ሱቁ ሲከፈት» ብሎ ከሆነ ሥራ አለባችሁ።

ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ላክል። የዱቄት ብናኝ ይቀጣጠላል። በአየር ላይ ተበትኖ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። በመደርደሪያና በጣሪያ ብረት ላይ የተከመረውን ብናኝ በአየር መንፊያ አይንፉት፤ በማይበትን መንገድ ይጠረግ። ብየዳ የሚሠራው ቦታው ጸድቶ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ በጽሑፍ ተፈቅዶ ይሁን። ለዓመታት የሚተነፍሱትም ሰዎች አስም ሊይዛቸው ይችላል። ሳል የያዘው ሠራተኛ ካለ ወደ ሐኪም ይላክ።

ስለ ሕጉ አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። ስለ አደጋው ማስረዳት፣ የደህንነት ሠራተኛ መመደብና ኮሚቴ ማቋቋም፣ መከላከያ ማቅረብ፣ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ያለፈው ወር አደጋ ካልተነገረ ይነገር። ኮሚቴው ውስጥ የሌሊት ሺፍት ሰው ይኑርበት፤ ያለበለዚያ ቀን የሚታየውን ብቻ ነው የሚነጋገሩት።

ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደማይሆን አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት የሞተሮቹ ሙከራ ይደረግ፣ ለመካኒኮቹም ጓጉንቸር ይገዛ። በራሱ የሚነሣ ሞተር ካገኛችሁ ስታርተሩ እስኪቀየር ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር ብሬከሩን የሚያወርድ ሰው በየሺፍቱ በስም ይመደብ። ልጁ ሲሻለው ደግሞ የስክሪው ክዳን እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል እሱን ይጠይቁት። ማሽኑን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።